ቪትዜ ውሃ ትበላለች፣ ከሥሯ ግን ጠብታ የለም

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ መሃል ከተማ። በየቀኑ የእንጦጦን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መኪናዬ የ2006 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ 1.0። ሁለት ወር ሆናት ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ፣ መብላት ከጀመረች። በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል እጨምራለሁ። ከሥሯ ጠብታ አይቼ አላውቅም። ቀይ መብራት አብርታብኝ አታውቅም። ዘይቷ ንጹሕ ነው።

ሁለት ጋራዥ ወሰድኳት። አንደኛው ኮፈኑን ከፍቶ፣ በባትሪ አይቶ ምንም የለም አለ። ሁለተኛው ራዲያተሩ ላይ ፓምፕ ገጥሞ በግፊት ፈተሻት። ግፊቱ አልወረደም። እንግዲህ ውጭ ካላፈሰሰች ውስጥ ነው የምታፈሰው፣ በሞተሩና በቴስታው (በላይኛው የሞተሩ ክፍል) መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል፣ ቴስታው ይውረድ ተባልኩ። ዋጋው 35,000 ብር። ይህን ብር ከማውጣቴ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ። ሳይፈታ መፈተሽ ያለበት ምን ቀረ?

ከላይ ያለው መጀመሪያ የጻፍኩት ነው፤ አልነካሁትም። ከዚያ ወዲህ 27 መልስ መጥቷል። ጨዋታውና ቁም ነገሩ ስለተደባለቀ፣ ተመሳሳይ ችግር ይዞ ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው መልሶቹን በራሴ ቃል በተራቸው አስቀምጫለሁ። መሃል መሃል የሞከርኩትንም ጨምሬያለሁ።

መልስ 1። አንድ የለገጣፎ ሰው በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ የጠየቀኝ ውሃውን መቼ እንደምለካ ነበር። ኩላንት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በትርፍ ውሃ መያዣው ላይ ማታ ያየሁት ከፍታና ጠዋት ያየሁት አንድ አይሆኑም። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ቦታ ላይ እንድለካና በማርከር እንዳሰምር መከረኝ። እንዲህ ቀላል ምክር ሁለተኛው ጋራዥ ቢነግረኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሰመርኩ። በአራት ቀን ሁለት ጣት ወረደ። ስለዚህ መጉደሉ እውነት ነው።

መልስ 2። የራዲያተር ክዳኑን ቀይር አለኝ። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ስፕሪንጉ ከላላ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፣ ጠብታም አይተውም። እስከዚህ ልክ ነበር። ቀጥሎ ግን ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች እስከሆነ ድረስ ክዳን ባይኖርም ውሃው እንደማይፈላ ጻፈ።

መልስ 3። ይህን ያረመው የቡራዩ የፊዚክስ መምህር ነው። ከመልሶቹ ሁሉ በጣም ከወደድኳቸው አንዱ ይህ ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ወደ 3,000 ሜትር ሲወጣ ደግሞ 90 ገደማ። የቪትዝ ቴርሞስታት፣ ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ፣ መከፈት የሚጀምረው 82 አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ከ90 ማለፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ንጹሕ ውሃ የሞላ ራዲያተር ጤነኛ ሞተር ላይም ሊፈላ ይችላል። 0.9 የሚል ክዳን በደንብ ከያዘ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ የመፍያ ነጥቡን ወደ 114 ያደርሰዋል። ኩላንት ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። በደጋ የምንኖር ሰዎች ክዳንን እንደ ተራ ዕቃ ማየት የለብንም።

እኔም ሶማሌ ተራ ሄጄ በዱሮው ላይ የነበረውን ቁጥር የያዘ አዲስ ክዳን ገዛሁ። ሳምንት ጠበቅኩ። አሁንም ጎደለ።

መልስ 4። ቀድሞ የአሰብ መንገድ ሹፌር የነበሩ አባት ናቸው የጻፉት። ከፊያት ኤን 3 የጭነት መኪና ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። የጣርማ በርን ብርድ አልፈው፣ ከባቲ ቁልቁል ወርደው ሚሌ ሲደርሱ የሚጠብቃቸውን ሙቀት ሲተርኩ ማንበብ ያስደስታል። ውሃ በበርሜል ተጭኖ ነበር የሚሄደው። ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉ ነበር። ራዲያተር በረሃ ላይ ካፈሰሰ የእንቁላል ነጭ ይጨምሩበትና እስከ ከተማ ይደርሱ ነበር። እኔም ቴርሞስታቱን አስወጥቼ እንዳየው መከሩኝ።

መልስ 5። ጭቅጭቁ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። መካኒክ መሆኑን የገለጸ ወጣት ሞተር የሚገድለው እንዲህ ያለ ምክር ነው ብሎ ተነሣ። ቴርሞስታት የወጣለት ሞተር በጊዜው አይሞቅም። ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ መተላለፊያውን ቱቦ የሚዘጋው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ከወጣ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ሙቀት ይብሳል። እንቁላሉም ሆነ በጠርሙስ የሚሸጠው የማፍሰሻ መድፈኛ ቀዳዳ መርጦ አይደፍንም፤ የሂተሩን ቀጫጭን ቱቦ ጭምር ይደፍናል። ፍሬ ነገሩ ሁሉ ትክክል ነበር። አነጋገሩ ግን ለአባት አይገባም።

መልስ 6 እና 7 ስለ አነጋገሩ ብቻ ናቸው። ስድስተኛው ልጁን ገሠጸው። ሰባተኛው እውነት በምንም ድምፅ ቢነገር እውነት ነው ብሎ ከልጁ ጎን ቆመ።

መልስ 8። አባታችን ተመለሱ። ሳይቆጡ፣ ኤን 3 ያኔ የነበረበት ሁኔታና የዛሬ ቪትዝ የተለያዩ መሆናቸውን አመኑ። ልጁንም ስለ መተላለፊያው ቱቦ ይበልጥ እንዲያብራራላቸው ጠየቁት። ልጁ ቆይቶ ይቅርታ ጠይቆ አብራራላቸው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

መልስ 9። የቃሊቲ መካኒክ ከሁለተኛው ጋራዥ ጋር ተስማማ፦ ጓርኒሲዮን ነው። ጠዋት ነጭ ጭስ ካለና ከዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ጥርጥር የለውም አለ። አየሁ። ሁለቱም አሉ። ያን ቀን በጣም ከፋኝ። ለባለቤቴም ገንዘቡን እንፈልግ አልኳት።

መልስ 10። እዚያው ሌሊት ሌላ ሰው ደረሰልኝ። ሱሉልታ በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። በዚያ ብርድ ከማርሚታ የሚወጣ ነጭ ጭስ አብዛኛው ተራ እርጥበት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከዘይት ክዳን ሥር ያለው ወተትም በብርድ አገር አጭር ጉዞ ለሚሄድ መኪና የተለመደ ነው። መታየት ያለበት በዲፕስቲኩ ላይ ያለው ዘይት ነው፤ እሱ ንጹሕ ከሆነ አትቸኩል። በግምት ፈንታ በፈሳሽ የሚሠራ ምርመራ አለ። ሰማያዊ ፈሳሽ በራዲያተሩ አፍ ላይ ይያዛል፤ ከሲሊንደር የሚያመልጥ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ካንዴላዎቹንም አስወጥተህ እይ፤ ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላው ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ ንጹሕ ይሆናል።

ምርመራውን አገኘሁ። ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሦስቱም ካንዴላ አንድ ዓይነት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴስታውን ረሳሁት።

መልስ 11 የውሃ ፓምፑን አንሥቷል። ፓምፑ ሥር ትንሽ የማስተንፈሻ ቀዳዳ አለች፤ የውስጡ ማሸጊያ ሲያረጅ ኩላንቱ በእሷ ይወጣል። ቺንጊያው እየበተነው ሞተሩ ላይ ይደርቃል፣ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ይተዋል። እጅ ስለማይገባ የስልክ ካሜራ አስገብቼ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ደረቅ ነው።

መልስ 12 የሂተሩን ራዲያተር ጠረጠረ። ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱን ከውስጥ ቅባት የመሰለ ጉም ይሸፍነዋል፣ ጣፋጭ ሽታም ይሸታል። ምንጣፉን ገልጬ ጨርቅ ጫንኩበት። እሱም ደረቅ።

ከ13 እስከ 16 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዳይገባ ስለተከለከለ ሽጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ አለኝ። ሌላው የኤሌክትሪክ መኪናም ኩላንት እንዳለው፣ ብዙዎቹ ባትሪያቸውን በፈሳሽ እንደሚያቀዘቅዙ አስታወሰው። ከዚያ ስለ ቻርጅ ማድረጊያና ስለ መብራት መጥፋት ሲባል ዋለ። 16ኛው ግን ከልቤ የማመሰግነው ሰው ነው። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ መርዝም ነው። ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ትንሹም ይገድላቸዋል። ሕፃናትንም እንዲሁ። በእኛ ሰፈር ውሻ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሜዳው ላይ ከብት ይሰማራል። የተቀዳውን አሮጌ ኩላንት ቦይ ውስጥ የምንደፋ ካለን እባካችሁ እንተው።

መልስ 17 ወደ ነገሩ መለሰን። ኩላንቱ ውስጥ የሚጨመር የሚያበራ ቀለም አለ። ጨምረህ ጥቂት ቀን ትነዳለህ፤ ከዚያ በጨለማ በአልትራቫዮሌት መብራት ስታየው ያፈሰሰበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። መብራቱ ከሌለህ የብር ኖት መፈተሻዋን መብራት ከሱቅ ተዋስ አለኝ። የሰፈራችን ባለሱቅ ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። ሦስት ቀን ነድቼ ማታ ኮፈኑን ከፈትኩ። ካምቢዮው ላይ፣ ከላይ በኩል፣ የደረቀ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለ! ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያው ምልክት ነበር። ከየት እንደመጣ ግን አላወቅኩም። ነፋሱ በትኖታል፣ ሙቀቱ አድርቆታል። ፎቶውን እዚሁ ለጠፍኩት።

መልስ 18። ነገሩን የፈታችው እኅታችን ናት። ደብረ ብርሃን ላይ ፒክአፕ ስትነዳ ነበር፤ አሁን ሰበታ ነው ያለችው። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋራዡ በግፊት ሲፈትሽ ሞተሩ ትኩስ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ?

አሰብኩት። ከሱሉልታ ተነሥቼ፣ እንጦጦን አቋርጬ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው ጋራዥ የደረስኩት። ትኩስ ነበር። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ማንም፣ እኔም ራሴ፣ መኪናዋን በቀዘቀዘችበት ሰዓት ሞተሯ ሥር አላየናትም።

መልስ 19 ተቃወማት፤ ቃሉም ሻካራ ነበር። ሞተር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ የሚያፈስ ነገር ሲሞቅ ነው ይበልጥ የሚያፈሰው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚያፈስና ሲሞቅ የሚያቆም ነገር የለም አለ። ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች የሚል አዝማሚያ ያለው ቃልም ጨመረ። ያን ቃል አልደግመውም።

መልስ 20። እሷ ቃሉን አልፋ ለክርክሩ ብቻ መልስ ሰጠች። ውሃውን የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይደርቃል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። ሌሊት ብርዱ ሁሉንም ያኮማትራል፤ ጎማና ብረት ግን በአንድ መጠን አይኮማተሩም። በመሃላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት ትፈጠራለች። ጎማውን ብረቱ ላይ አጥብቆ የሚይዘው የስፕሪንግ ፋሼታ ከላላ ደግሞ ጨምቆ አይዘጋትም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፣ ጎማው ገና ብርድ ነው፤ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ያፈሳል። ከዚያ ጎማው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ክፍተቱን ይዘጋል። የፈሰሰው ካምቢዮ ላይ ወርዶ መንገድ ላይ ይደርቃል። ቤት ስትደርስ ምንም የለም። ጋራዥ ስትደርስም ምንም የለም።

ከብርድ አገር ወጥቶ ሞቅ ወዳለ ከተማ ለሚገባ የዳር ነዋሪ ይህ ነገር በየጠዋቱ ይሆናል። ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት።

መልስ 21 አጭር ነው። የአምስተኛው መልስ ባለቤት፣ ያ ወጣት መካኒክ፣ የግፊት መፈተሻውን ይዞ ቅዳሜ ቤቴ ድረስ ሊመጣ ፈቀደ። ማታ መጥቶ እኛ ጋ አደረ።

መልስ 22 የእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ፣ እጃችን እየደነዘዘ ኮፈኑን ከፈትን። ሞተሩን አላስነሣንም። በእጅ ፓምፑ እስከ 0.9 ሞላነው፤ ክዳኑ ከሚይዘው በላይ ማሳለፍ ጎማ ሊያፈነዳ ስለሚችል እዚያ ላይ አቆመ። ቀስቱ ሲወርድ በዓይናችን አየነው። በ10 ደቂቃ ወደ 0.5 ወረደ። የብር መፈተሻዋን መብራት ይዤ ተንጠራራሁ። ሞተሩንና ውስጡን የሚለየው ላሜራ ላይ፣ የሂተሩ ጎማ የሚገባበት ቦታ፣ ፋሼታው ሥር አረንጓዴ ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር። ወደቀች፤ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ። ሌላ ተተካች።

ከዚያ ሳይነካ ሞተሩን አስነሥተን አሞቅነው። ጠብታው ቆመ። አቀዝቅዘን እንደገና ባንፈትሽም የእኅታችን ቃል አንድ በአንድ ሲፈጸም አየሁት። ጎማውን ሲያወጣው ጫፉ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጣለው፤ የተረፈው አጭር ስለሆነ ግን አዲስ ጎማ መግጠሙ ይሻላል አለ። ሰኞ ሁለቱንም የሂተር ጎማዎችና አራት ፋሼታዎች ገዝቼ አስቀየርኩ። ሁሉም ተደምሮ ቴስታውን ለማውረድ ከተጠየቅኩት አንድ አሥረኛ አልሞላም።

መልስ 23 የሁለተኛውን ጋራዥ ስም እንዳወጣ አጥብቆ ጠየቀኝ። አላወጣም። ያ መካኒክ ፈትሿል፤ የፈተሸበት ሰዓት ነው የተሳሳተው። ግን አንድ ነገር ልበል። ፍተሻ ምንም ስላላሳየ ብቻ ሰውን ወደ ትልቁ ሥራ መግፋት ትክክል አይደለም። ሰማያዊው ፈሳሽ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይወስድም። ቴስታ ማውረድ ግን የሰውን የወራት ደሞዝ ይበላል።

መልስ 24 አየር ስለማስወጣት ነው፤ ጎማ ለሚቀይር ሁሉ ያስፈልጋል። የሂተሩ ቱቦ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየር ይቋጠርበታል። የመኪናውን ፊት ወደ ዳገት አዙር፣ ሂተሩን ሙሉ ሙቀት ላይ አድርግ፣ ክዳኑን ከፍተህ ቀስ እያልክ ሙላ፣ አረፋው እስኪያቆም ጠብቅ። ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ትኩስ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊቱ ሲቃጠል አይቻለሁ፤ እባካችሁ።

መልስ 25 እና 26 በውሃ ጉዳይ ተጣሉ። አንዱ የቧንቧ ውሃ ይበቃል አለ። ሌላው በከተማው ዳር ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለው ሞተር ውስጥ እንደ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ ዲስቲልድ ውሃ ከኩላንት ጋር ነው የሚደባለቀው አለ። ሁለተኛው ልክ ነው። መንገድ ላይ ከቀረህ ግን ያገኘኸውን ጨምር፤ ሞተር ያለ ውሃ ከመንዳት ማንኛውም ውሃ ይሻላል። በኋላ አስቀድተህ ታጥባለህ።

የማርከሩ መስመር ሦስት ሳምንት ሆነው። ውሃው እዚያው ላይ ነው።

መልስ 27 ትናንት ማታ የመጣ ነው። አንድ የአሸዋ ሜዳ ሰው ኮሮላው በሳምንት አንድ ሊትር ትበላለች። ከሥሯ ጠብታ የለም። ጋራዥ ቴስታው ይውረድ ብሎታል፤ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዟል። መኪናዋ ደጅ እንደምታድር ጠየቅኩት። አዎ አለ። ወንድሜ፣ ሐሙስን አራዝመው። መፈተሻውን ከልጁ ተውሼዋለሁ። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ፤ እስክመጣ ሞተሩን እንዳታስነሣ።